የቶሚ ጆን ግራ ክርን፦ ከ1974ቱ ቀዶ ሕክምና በኋላ 164 ድል እንዴት ተገኘ?

ጁላይ 17 ቀን 1974 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦል ቡድን ወርዋሪ ቶሚ ጆን በዶጀር ስታዲየም ከሞንትሪያል ኤክስፖስ ጋር እየተጫወተ ሦስተኛው ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት የጨዋታው ዙር) ላይ ደርሶ ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት የኤክስፖስ ተጫዋቾች አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ (ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ የሚረገጡ ማረፊያዎች) ላይ ቆመዋል። ጆን የፈለገው መቺው ኳሱን መሬት ለመሬት እንዲመታና በአንድ ምት ሁለት ሰው እንዲወጣ ነው። ለዚህ ዋና መሣሪያው ሲንከር ነበር፤ መቺው ጋ ሲደርስ ቁልቁል የሚሰምጥ ኳስ። ወረወረው። ኳሱ ከታለመበት ርቆ ሄደ፤ ክንዱም ከክርኑ በታች የሌላ ሰው የሆነ ያህል ደነዘዘበት። አንድ ኳስ ጨመረ፤ እሱም አልታዘዝ አለ። ከዚያ በኋላ በራሱ ፈቃድ ከሜዳ ወጣ።

በዚያ ዕለት 31 ዓመቱ ነበር። በ1963 በክሊቭላንድ ጀምሮ፣ በቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰባት ወቅት ተጫውቶ፣ በ1972 ወደ ዶጀርስ የመጣ ልምድ ያለው ግራኝ ነው። በ1974 ወቅት እስከ ጉዳቱ ድረስ 13 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፏል፤ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ በሱ የሚቆጠርበት ነጥብ 2.59 ነበር። ከ3 በታች የሆነ ወርዋሪ የትም ቡድን ይፈለጋል። እስከዚያ ቀን በጠቅላላ 124 ጨዋታ አሸንፏል። ቤዝቦልን ለ26 ወቅት ተጫውቶ በ1989 ሲያቆም ግን ቁጥሩ 288 ደርሷል። ከጉዳቱ በኋላ ያሸነፈው 164 ጨዋታ ከጉዳቱ በፊት ካሸነፈው በ40 ይበልጣል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የአንድ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሆኖ ይነገራል። ቀዶ ሕክምናው ታላቅ ሥራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መዝገቡን ቀርቦ ለሚያይ፣ ቀዶ ሕክምናው የሰጠው ወደ ሜዳ የመመለስ ዕድልን ብቻ ነው። ቀሪውን 13 ዓመት ያስገኙት ሳይጣደፉ የቆዩበት ማገገሚያ፣ የተስተካከለ አወራወርና ፍጥነት ላይ ያልተደገፈ የጨዋታ ስልት ናቸው።

የተበጠሰው ምን ነበር?

የቤዝቦል ወርዋሪ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለች የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ፣ 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ 18.44 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው መቺ ይወረውራል። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የምትከንፍ ኳስ መቺው ጋ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ያህል ይበቃታል። ይህ ፍጥነት የሚመነጨው ከክንድ አይደለም። እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ትከሻ መጨረሻ ላይ ይወነጨፋል። የትከሻው ሽክርክሪት በሰከንድ ከ7,000 ዲግሪ ያልፋል፤ እንቅስቃሴው በዚያው ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ በሰከንድ ወደ 20 ዙር ይሆን ነበር።

አደጋው ያለው ደረት ወደፊት ሄዶ እጅና ኳስ ገና ወደኋላ በቀሩባት ቅጽበት ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት የታችኛው ክንድ ወደ ውጭ ሊገነጠል ይሞክራል፤ የክርን ውስጣዊ ጎን በኃይል ይከፈታል። ይህን መከፈት የሚይዘው የላይኛውን ክንድ አጥንት በትንሿ ጣት በኩል ካለው የታችኛው ክንድ አጥንት ጋር የሚያያይዝ አጭር ጅማት ነው። በአዋቂ ባለሙያዎች ላይ የተለካው የመገንጠል ኃይል 64 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ በአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 6.5 ኪሎ ከማንጠልጠል ጋር ይተካከላል። ከአስከሬን የተወሰዱ ክርኖች ላይ ሲፈተን ግን ጅማቱ ብቻውን የሚበጠሰው የዚህ ግማሽ በሆነ ኃይል ነው። ልዩነቱን የሚሸከሙት በክርኑ ውስጣዊ ጎን የሚያልፉት የታችኛው ክንድ ጡንቻዎችና የአጥንቶቹ መገጣጠም ናቸው። ጡንቻ ሲደክም ድርሻው ወደ ጅማቱ ይዞራል። ስለዚህ በድካም ላይ መወርወር ከምንም በላይ ያጠፋል። ጅማቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኳስ አይበጠስም፤ ለዓመታት በጥቃቅኑ ሲሰነጠቅ ይቆይና የመጨረሻዋ ኳስ ትጨርሰዋለች።

ጉዳቱ ለሕክምናው ዓለም አዲስ አልነበረም፤ በ1946 በጦር ወርዋሪ አትሌቶች ላይ ተገልጾ ነበር። መፍትሔ ግን አልነበረውም። ክርኑ የተበላሸ የቤዝቦል ወርዋሪ ያርፋል፣ ይሞክራል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዚያው የዶጀርስ ድንቅ ግራኝ ሳንዲ ኮፋክስ በ1966፣ በ30 ዓመቱ፣ በክርን መገጣጠሚያ ሕመም የተነሳ በብቃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ጓንቱን ሰቅሏል።

ከመቶ አንድ

የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ፍራንክ ጆብ መጀመሪያ ዕረፍት አዘዙ። ኤምአርአይ በሆስፒታል በማይገኝበት ዘመን ምርመራው በእጅና በኤክስሬይ ነበር፤ ሐኪሙ ክርኑን ወደ ውጭ ሲገፉት መገጣጠሚያው ከሚገባው በላይ ይከፈታል። ከሳምንታት ዕረፍት በኋላ ጆን ሊወረውር ሲሞክር ኳሱ አልሄደለትም። ምርጫው ሁለት ሆነ።

አንደኛው ማቆም ነው። ይህ ጅማት የሌለው ሰው ይጽፋል፣ መኪና ይነዳል፣ ዕቃ ያነሳል፤ ለዕለት ኑሮ እምብዛም አያስፈልግም። ሁለተኛው ማንም በወርዋሪ ላይ ሠርቶት የማያውቀው ነገር ነው፦ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ በተበጠሰው ምትክ መትከል። ዶክተር ጆብ ወደ ሜዳ የመመለስ ዕድሉን ከመቶ አንድ ብለው ነገሩት። ይህን ቁጥር ስናነብ ጆን ደፋር ቁማርተኛ ይመስለናል። ሒሳቡ ግን እንዲያ አልነበረም። ያለ ቀዶ ሕክምና የመመለስ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ቢከሽፍ ደግሞ የሚያጣው ቀድሞውንም ያጣውን ሥራ ነው። የሚያሳስበው የነርቭ ጉዳት ብቻ ነበር፤ እሱም አልቀረም።

ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 በኢንግልውድ ካሊፎርኒያ በሴንቲኔላ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። የተወሰደው ጅማት ከቀኝ እጁ፣ ማለትም ከማይወረውርበት እጅ ነው። ይህ ቀጭን ጅማት በታችኛው ክንድ ላይ ወደ መዳፍ ይሄዳል፤ አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት አገናኝቶ አንጓን ትንሽ ሲያጥፉ መሐል ላይ ብቅ ይላል። ከሰው 14 በመቶ የሚሆነው ጭራሽ የለውም፤ ያለውም ቢወሰድበት አቅም አይጎድልበትም። የእጅ ቀዶ ሐኪሞች ለሌላ ጥገና ለረጅም ጊዜ ተጠቅመውበታል። የዶክተር ጆብ አዲስ ሐሳብ ይህንን ጅማት ይህን ያህል ኃይል በሚሸከም መገጣጠሚያ ላይ ማዋላቸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በክርኑ ውስጣዊ ጎን ያሉት ጡንቻዎች ከአጥንት ይነሳሉ። በታችኛውም በላይኛውም አጥንት ላይ፣ የድሮው ጅማት ተያይዞ በነበረበት ቦታ፣ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። አዲሱ ጅማት በቀዳዳዎቹ እየተሹለከለከ፣ የጠፍር አልጋ እንደሚጠፈር እየተወጠረ፣ ሁለት ክብ ተያይዘው በሚሠሩት ቅርጽ ይጠላለፍና ይሰፋል። ከባዱ ነገር የቀዳዳዎቹ ቦታ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢስት ጅማቱ ክርን ሲታጠፍ ይላላል ወይም ሲዘረጋ ይጠብቃል። በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀረው አጥንት ከሳሳም ኋላ ሊሰበር ይችላል። የተተከለው ጅማት በመጀመሪያ ሕይወት የሌለው ገመድ ነው፤ ደም ሥር ቀስ በቀስ ገብቶበት፣ አዲስ ሕዋስ ሞልቶበት፣ የመገጣጠሚያ ጅማት እስኪሆን ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። የትኛውም ጥድፊያ ይህን ሂደት አያሳጥረውም።

ነርቩ

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ከጅማቱ አልነበረም። ክርን ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ ቀዶ ሕክምናው ከሚሠራበት ቦታ አጠገብ ያልፋል። ጆን ቁስሉ ሲድን ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ደንዝዘው፣ እጁ እንደ ጥፍር ቆልመም አለ። በዲሴምበር 1974 ለነርቩ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ብዙ አንባቢ ይህችን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያልፋታል፤ የማገገሚያውን ርዝመት የወሰነችው ግን እሷ ናት። የተጎዳ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ከክርን እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት በአዋቂ ሰው ከ35 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚህ ሒሳብ ስሜቱ ተመልሶ እስኪመጣ ዓመት ያልፋል። የ1975 ወቅት ሙሉ በሙሉ አለፈ፤ ጆን አንድም የሊግ ጨዋታ አልወረወረም። መኸር ላይ በአሪዞና ወጣቶች በሚሠለጥኑበት ሊግ ሙከራ ጀመረ። ነርቩ ባይጎዳ ኖሮ ቡድኑም ተጫዋቹም ቀደም ብሎ ለመመለስ ይፈተኑ ነበር፤ ያልበሰለው ጅማትም ምናልባት አይችልም ነበር። እንደኛ አስተያየት፣ ሁሉም እንደ መጥፎ ዕድል ያየው የነርቭ ጉዳት ለጅማቱ የሚያስፈልገውን 18 ወር ገዝቶለታል።

በዚህ ጊዜ የቡድን ጓደኛው ማይክ ማርሻል ረዳው። ማርሻል በ1974 በ106 ጨዋታ ወርውሮ የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት፣ ሳይ ያንግን፣ የወሰደ ሰው ነው፤ ከጨዋታው ጎን የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ያጠና ነበር። ለጆን ያሳየው ለውጥ ሲታይ ትንሽ ነው፦ ከመወርወሩ በፊት ሰውነቱን ወደኋላ አብዝቶ መጠምዘዙን ትቶ፣ በቀጥታ ወደ መቺው መስመር እንዲሄድ። ሰውነት ሲጠማዘዝ ክንድ በጣም ወደኋላ ይቀራል፤ የቀረ ክንድ ለመድረስ ሲጣደፍ ክርኑ የበለጠ ይከፈታል። መጠምዘዙን መቀነስ ማለት ከአዲሱ ጅማት ላይ ሸክም ማውረድ ማለት ነው።

ፍጥነት ያልነበረው ወርዋሪ

ኤፕሪል 16 ቀን 1976 ከአትላንታ ብሬቭስ ጋር ተመለሰ፤ አምስት ኢኒንግ ወርውሮ ተሸነፈ። ያን ወቅት በ31 ጨዋታ ጀምሮ፣ 207 ኢኒንግ ወርውሮ፣ 10 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ አማካዩ 3.09። የሚያስደንቀው ድሉ ሳይሆን 207ቱ ኢኒንግ ነው። በ1977 20 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው የ20 ድል ወቅት ነበር። ከ1978 በኋላ ወደ ኒውዮርክ ያንኪስ ሄዶ በ1979 21፣ በ1980 22 ጨዋታ አሸነፈ። ሦስቱም የ20 ድል ወቅቶቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው።

የ1980ው ቁጥር በተለይ ትኩረት ይገባዋል። ጆን በዚያ ዓመት ከ265 ኢኒንግ በላይ ሲወረውር በራሱ ኳስ ብቻ ያስወጣቸው፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ያሳታቸው መቺዎች 78 ብቻ ናቸው። የዛሬ ወርዋሪ ይህን ያህል ሰው በ70 ኢኒንግ ውስጥ ሊያስወጣ ይችላል። ታዲያ እንዴት 22 አሸነፈ? መቺው እንዲስት አይፈልግም ነበር፤ እንዲመታ ይፈልጋል፣ ግን ኳሱን ከላይ በኩል እየነካ መሬት ለመሬት እንዲመታ። ሲንከሩ ከመቺው ጉልበት አካባቢ ይሰምጣል፣ ኳሱ ወደ ውስጥ መስመር ተከላካዮች ይንከባለላል፣ እነሱ ያስወጣሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የኳሱን ቦታ መቆጣጠርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አወራወር ነው። ሙሉ ኃይልን በእያንዳንዱ ኳስ ማውጣት አያስፈልግም። አንድ መቺ በሦስት ኳስ ከሚወጣ በሁለተኛዋ መሬት ለመሬት ቢመታ ክንዱ አንድ ኳስ ያተርፋል፤ ይህ በ13 ዓመት ሲጠራቀም ስንት ሺህ ኳስ እንደሚሆን አስቡት።

ለዚህ ነው ጆን የመጀመሪያው ታካሚ መሆኑ ለዶክተር ጆብም፣ ለሕክምናውም ዕድል የሆነው። ሐኪሙ ራሳቸው ቸኩለው አልቀጠሉም፤ ቀጣዩን ወርዋሪ፣ ብሬንት ስትሮምን፣ በቀዶ ያከሙት በ1978 ነበር። ስትሮም ወደ ትልቁ ሊግ አልተመለሰም፤ ኋላ ግን የታወቀ የወርዋሪዎች አሠልጣኝ ሆነ። በ1986 ዶክተር ጆብና ባልደረቦቻቸው የ16 ታካሚ ውጤት አሳተሙ፤ 10ሩ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው ተመልሰዋል።

ጆን በ1977ና በ1978 ከዶጀርስ ጋር ለወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም ለዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ደርሶ በያንኪስ ተሸነፈ። በ1981 ደግሞ ከያንኪስ ጋር ሆኖ በዶጀርስ ተሸነፈ፤ በስድስተኛው ጨዋታ 1 ለ1 እያሉ አሠልጣኙ በአራተኛው ኢኒንግ አውጥተውት ቡድኑ 9 ለ2 ተረታ። ለዝና አዳራሽ በጋዜጠኞች ድምፅ 15 ዓመት ተወዳድሮ ከፍተኛው ያገኘው 31.7 በመቶ ነው፤ የሚያስፈልገው 75 ነበር። ይህ ለእኛ ስህተት ነው። 288 ድል ብቻውን ቢከራከር እንኳ፣ በራሱ ክንድ የሌሎችን የሥራ ዘመን ያስቀጠለ ተጫዋች ሌላ የለም።

ከዚያ ወዲህ

ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ አሠራሩ ግን ተለውጧል። ጡንቻውን ከአጥንት መንቀል ቀርቶ በጡንቻው ክሮች መካከል መክፈት ተለምዷል፤ ነርቩንም ካላስቸገረ አይነኩትም። ይህ የነርቩን ጉዳት በእጅጉ ቀንሶታል። በላይኛው አጥንት ላይ የሚበሱት ቀዳዳዎች አንሰዋል። ጅማቱ ከአጥንቱ ጫፍ ላይ ብቻ ለተላቀቀባቸው ደግሞ የራሱን ጅማት ሰፍቶ በጠንካራ ጥብጣብ መደገፍ ተጀምሯል፤ ይህ የሚመለሱበትን ጊዜ ያሳጥራል።

ማገገሚያው ዛሬ መርሐ ግብር አለው። የመጀመሪያው ሳምንት ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ ይታሰራል። ከዚያ በማጠፊያ ድጋፍ ቀስ በቀስ ይዘረጋል፤ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ሙሉ እንቅስቃሴው ይመለሳል። መወርወር የሚጀመረው ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ወር ነው፤ ከ14 ሜትር፣ በለሆሳስ። ከዚያ 18፣ 27፣ 37 ሜትር እያለ ርቀቱ ይጨምራል፤ ሕመም ካለ ወደ ቀድሞው ደረጃ ይወርዳል። ከጉብታው ላይ መወርወር በስምንተኛው ወር ገደማ፣ ጨዋታ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ማገገሚያውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስድስተኛው ወር ላይ ነው። ሕመሙ ጠፍቷል፣ ክንዱ ጠንክሯል፣ ጅማቱ ግን አልበሰለም፤ ተጫዋቹ ድኛለሁ ብሎ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል።

በ2010ሮቹ መጀመሪያ በተደረገ ጥናት ከትልቁ ሊግ ወርዋሪዎች አንድ አራተኛው ይህን ቀዶ ሕክምና አድርገው ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የኳሱ ፍጥነት እየጨመረ ሄዷል፤ ጅማቱ ግን የቀድሞው ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው በልጆች ላይ የደረሰው ነው። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከተጠየቁት የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉ ያልተጎዳ ወርዋሪም ብቃቱን ለመጨመር ቀዶ ሕክምናውን ቢያደርግ መልካም ነው ብለው ያምናሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፍጥነታቸው የጨመረ ወጣቶች አሉ፤ ያፈጠናቸው ግን አንድ ዓመት እግራቸውን፣ ዳሌያቸውንና ትከሻቸውን ማጠንከራቸው፣ ሰውነታቸውም በዚያ ዓመት ማደጉ ነው። ያንን ሁሉ ሳይቀደዱ ማግኘት ይችሉ ነበር።

በአሜሪካ ልጁን ቤዝቦል ያስገባ ወላጅ የሚከተለውን ሊያውቅ ይገባል። የትልቁ ሊግና የአገሪቱ ቤዝቦል ማኅበር በ2014 ያወጡት መመሪያ ከ9 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 75 ኳስ፣ ከ11 እስከ 12 ላለ 85፣ ከ13 እስከ 16 ላለ 95፣ ከ17 እስከ 18 ላለ 105 ኳስ ይፈቅዳል። ዕድሜው 14ና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በአንድ ቀን 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። ልጁ በሁለት ቡድን የሚጫወት ከሆነ ቆጠራው የሁለቱ ድምር ነው፤ አንዱ አሠልጣኝ የሌላውን ስለማያውቅ ደብተሩን የሚይዘው ወላጅ ነው። በክርኑ ውስጣዊ ጎን የሚሰማ ሕመም፣ ያለ ምክንያት የቀነሰ ፍጥነት፣ ኳሱ ከታለመበት ከፍ እያለ መሄዱ፣ ትንሿ ጣት ላይ የሚመጣ መደንዘዝ፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ልጁ በዚያው ኢኒንግ ይውጣ። ሕመሙ በዕረፍት ካልጠፋ የስፖርት ሕክምና ሐኪም ይየው፤ እድገቱን ባልጨረሰ ልጅ ላይ ከጅማቱ ቀድሞ የሚላቀቀው ጅማቱ የተያያዘበት የአጥንት እድገት ክፍል ነው፤ ይህ ደግሞ በጊዜ ከተያዘ በዕረፍት ሊድን ይችላል።